ኤርታሌ ለምትወጡ፦ ሁሌ የማያቸው ስህተቶች

ሰው ይዤ ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ ስለምወጣ፣ ኅዳር ሲገባ ስልኬ መጥራት ይጀምራል፣ "ዓርብ ሰመራ ገብተን እሁድ ማታ አዲስ አበባ እንመለሳለን" የሚል ግሩፕ በየቀኑ ይደውላል። ሰው አፋርን ሲያይልኝ ደስ ይለኛል። ግን ያንኑ ስህተት በየዓመቱ እያየሁ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው ይሄን የምጽፈው።

ውሃ መቆጠብ። አለማምጣት አላልኩም፣ ውሃማ ሁሉም ያመጣል፣ ችግሩ "ኋላ እንዳያልቅብኝ" እያለ ጉሮሮውን ብቻ እያረጠበ መሄዱ ነው። አንድ ጊዜ ተራራው ግርጌ ካለው ሰፈር፣ ከዶዶም፣ ማታ 1 ሰዓት ተነሳን፣ ያኔ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ነበር የሚወጣው፣ እንጦጦን በሩጫ እወጣለሁ የሚል ጎበዝ ልጅ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ተራራው 613 ሜትር ብቻ ነው ሲባል ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሁለት ሰዓት ተኩል እንደሄድን ልጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና የጫማውን ክር ይፈታል፣ ያስራል፣ መልሶ ይፈታል። ምን ሆንክ ስለው የማይገናኝ ነገር መለሰልኝ። ግንባሩን ስነካው ደረቅ ነው፣ ይፋጃል። ቦርሳውን ስከፍት ሁለት ሃይላንድ ውሃ፣ የአንደኛው ክዳን እንኳን አልተነካም! ሸሚዙን አውልቀን ውሃውን ሰውነቱ ላይ አፍስሰን በነጠላ አራገብነው፣ አእምሮው ሲመለስ በግመል አወረድነው፣ ተርፏል። ግን ያን ሌሊት እስካሁን አልረሳውም።

እዛ ንፋሱ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ሳይታይ ነው የሚተነው፣ አላላበኝም ትላላችሁ፣ ሸሚዛችሁ ላይ ግን ነጭ የጨው መስመር ታገኛላችሁ። ስለዚህ ሳይጠማችሁ በየሃያ ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጉንጭ ጠጡ። ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ ዘግይታችኋል። ውሃ ብቻም አይበቃም፣ የወጣውን ጨው መተካት አለባችሁ፣ ለምለም የሚባለውን በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት ከፋርማሲ ገዝታችሁ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር በጥብጡ፣ ጨው ያለው ቆሎም ያዙ። ደግሞ የሚቀባጥር ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አታፍስሱ፣ ትን ይለዋል፣ መጀመሪያ አቀዝቅዙት።

ጾም ላይ ሆኖ አለመናገር። አየሩ ደህና የሚሆንበት ወቅትና ጾመ ነቢያት ይገጥማሉ፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ውሎ ማታ 1 ሰዓት ተራራ የሚጀምር ሰው ስንቱን አይቻለሁ። ማንም አይፈርድባችሁም፣ ጠዋት ንገሩንና መነሻውን ገፋ እናደርገዋለን።

ከመሪው ኮቴ መውጣት። ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ። በ2009 ጥር ከፈሰሰው ላቫ ላይ ፎቶ ላነሳ ሦስት እርምጃ ወጣ አልኩ፣ ላዩ ጠንካራ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው፣ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። ድንጋዩ እንደ ብርጭቆ ስለሚቆርጥ ቅልጥሜን ተለተለው፣ ጠባሳው አሁንም አለ። የአፋሩ መሪ የረገጠበትን ብቻ ርገጡ፣ ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ጓንት ብትይዙ ደግሞ ስትወድቁ መዳፋችሁን ያተርፍላችኋል።

ሰንደል ጫማና የስልክ መብራት፦ አይሆንም። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዙ፣ እጃችሁ ባዶ ይሁን።

የእሳተ ገሞራው አፋፍ ላይ ጭሱ ወደ እናንተ ከዞረ "አንድ ፎቶ ብቻ" አትበሉ፣ የሰልፈር ጋዝ ነው፣ ንፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ። አስም ያለበት ሰው ፓፉን ኪሱ ውስጥ እንጂ ግመል ላይ አይጫን።

አንድ ደግሞ የሚያሳዝነኝ አለ። መሪያችሁ መንገድ ላይ ሰው አግኝቶ ቆሞ ሲያወራ "እንሂድ እንጂ!" ብላችሁ አትጩሁበት። ዳጉ ይባላል፣ አፋር ሲገናኝ ወሬ ይለዋወጣል፣ ከየት መጣህ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ውሃ የት አለ፣ ምን አየህ ይባባላል። ያ ወሬ ለእናንተም ደህንነት ነው። ቆማችሁ ጠብቁ፣ ሰላም በሉ፣ ሳታስፈቅዱም ፎቶ አታንሱ።

የመጨረሻው መውረጃ ሰዓት ነው። ላይ ስናድር ሁሉም ፀሐይ ስትወጣ ማየት ይፈልጋል፣ ቁርስ፣ ቡና፣ ሰልፊ ሲባል 2 ሰዓት ይሆናል፣ ያን ጥቁር ድንጋይ ፀሐይ ካገኘው በኋላ መውረድ ከመውጣቱ ይብሳል። ንጋቱን መንገድ ላይ እናየዋለን፣ ከዛም ያምራል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስቀሰቅሳችሁ ተነሱልኝ።