ፒስተን ከመግዛታችሁ በፊት፦ የቆየ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል እንዴት እንደሚታደስ

ከመሥሪያ ቤት ግቢ በጨረታ የወጣ፣ ወይም ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሶ ስንት ክረምት ያለፈበት ዲቲ 125 በጎጃም ከተሞች ዛሬም ይገኛል። ዋጋው የሚረክሰው ብዙውን ጊዜ ፒስተኑ ተጣብቆ ስለቆመ ነው። ገዢው ወዲያው አዲስ ፒስተንና ሪንግ ያስመጣል። ሞተሩ ይነሳል፣ ጭሱ ይጠራል፣ ጥቂት ሳምንት ይነዳል። ከዚያ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲል እንደገና ይጣበቃል። የመጀመሪያውን ፒስተን የገደለው ነገር ሳይነካ ስለቀረ ሁለተኛውንም ገደለው። ስለዚህ መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ፣ ዕቃ ግዢው ይደርሳል።

ከታች ያሉት ልኮች አየር ለሚያቀዘቅዘው፣ ፑንቲና (ተከፍቶ ካንዴላውን እሳት የሚያስተፋው መገናኛ) ላለው የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዲቲ 125 ናቸው፦ የሲሊንደሩ ስፋት 56 ሚሜ፣ የፒስተኑ ጉዞ 50 ሚሜ፣ 123 ሲሲ። ለኤጂ 100 ወይም ለሱዙኪ ቲኤስ አሠራሩ ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን ይለያል።

የተጣበቀውን ማላቀቅ

ካንዴላውን አውጡና ናፍታና ዘይት እኩል ቀላቅላችሁ ግማሽ የቡና ሲኒ ያህል በቀዳዳው አፍስሱ። ሁለት ሌሊት ይደር። ከዚያ የመጨረሻውን ማርሽ አስገብታችሁ የኋላ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙ። ኪኩ ላይ መዝለል የለም፤ የሚሰበረው የኪኩ ጥርስ ነው፣ እሱን ለመቀየር ደግሞ ሌላ ሥራ ይከፈታል። እምቢ ካለ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አንሡና ፒስተኑን ከላይ በእንጨት ቀስ እያላችሁ ምቱ።

ሁለቱ ፓራኦሊዎች

እንደ ዲቲ ባለ ቱ-ስትሮክ ሞተር ካርተሩ (ከሲሊንደሩ በታች ያለው የሞተሩ ሆድ) የዘይት ማስቀመጫ ሳይሆን ቤንዚንና አየሩን ስቦ ወደ ሲሊንደሩ የሚገፋ ፓምፕ ነው። ስለዚህ አየር ማፍሰስ የለበትም። ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ከካርተሩ በሚወጣበት በግራና በቀኝ አንድ አንድ ፓራኦሊ፣ ማለትም አየርና ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት፣ አለ፤ ሞተር ለዓመታት ሲቆም የፓራኦሊው ከንፈር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

የቀኙ፣ በፍሪሲዮን በኩል ያለው፣ ሲበላሽ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሞተሩ የማርሽ ዘይት እየሳበ ያቃጥላል፣ ነጭ ወፍራም ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ የማርሽ ዘይቱም መሬት ላይ ጠብ ሳይል ይጎድላል። ብዙ ጊዜ «ሪንጉ አልቋል» የሚባለው ይኸው ነው። ያናድዳል እንጂ ሞተሩን ቶሎ አይገድልም። ካንዴላው ስለሚረጥብ ብቻ የሞተሩን ልክ ካንዴላ ቢ8ኢኤስን አውጥቶ የበለጠ የሚሞቀውን ቢ6 ማስገባትም መፍትሔ አይደለም፤ ፓራኦሊው ሲቀየር ያ ሙቀት ፒስተኑ ላይ ይመጣል።

ገዳዩ የግራው፣ በቮላኖ (በኮሎው ጫፍ ላይ በሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) በኩል ያለው ነው። እዚያ ዘይት ስለሌለ የሚሳበው ደረቅ አየር ነው። ድብልቁ ይሳሳል፣ ቃጠሎው ይግላል፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ በፊት ያብጣል። ምልክቱ፦ ጋዝ ስትለቁ ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፣ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ የሚዞርበት ፍጥነት) አንዴ ይጮኻል አንዴ ይጠፋል፣ ካንዴላው ይነጣል። እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስህተት የሚኒሞውን ቪቴ መፍታት ወይም ትልቅ ጂግለር (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካ ቀዳዳ ያለው ናስ) ማስገባት ነው። ምልክቱን ይደብቃል፣ ቀዳዳው ግን እዚያው ነው።

ፈተናው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከሕክምና ዕቃ መሸጫ የሚገኝ በእጅ የሚነፋ የደም ግፊት መለኪያ ይበቃል፤ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ተዉት፣ የምትፈልጉት መንፊያውንና ባለ መርፌውን የግፊት ሰዓት ነው። ሰዓቱ 300 ላይ ያልቃል፤ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ 0.4 ባር ስለሆነ ለዚህ ሥራ ልክ ነው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ግን አታስጠጉ፤ ጤነኛውን ፓራኦሊ ከቦታው ያወጣዋል።

ካርቡራቶሩንና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ፍቱ። የማስወጫውን አፍ ከካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማና በብረት ሳህን ድፈኑና በማርሚታው ብሎኖች እሰሩ። ካርቡራቶሩ የሚሰካበት ጎማ ውስጥ በልኩ የተቶረነ እንጨት ክተቱና በፋሼታ አጥብቁ፤ ከዘይት ፓምፑ የሚመጣው ቀጭን ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳም አይረሳ። ያረጀ ካንዴላ ወስዳችሁ ሸክላውን ሰብራችሁ አውጡ፣ በቀረው ብረት ውስጥ ቀጭን ቱቦ በኤፖክሲ አጣብቁና መለኪያውን እዚያ ላይ ሰኩ። ፒስተኑ ታች መውረድ አለበት። ላይ ከሆነ የምትፈትኑት ቴስታታውን ብቻ ነው፣ ካርተሩ ጋ ግፊቱ አይደርስም።

አሁን እስከ 280 ንፉና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ጤነኛ ሞተር ላይ መርፌው ቦታውን ለቀቅ አያደርግም ማለት ይቻላል። በደቂቃ ከ50 በላይ ከወረደ የሚያፈስበት አለ። የሳሙና አረፋ በብሩሽ ቀቡ፤ መጀመሪያ ራሳችሁ የደፈናችሁትን፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው እሱ ነው። ቀጥሎ የካርቡራቶሩን ጎማ አጥፋችሁ እዩት፣ ስንጥቁ ሲታጠፍ ነው የሚታየው። ከዚያ የሲሊንደሩን ሥር ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሀል ያለውን ወረቀት)፣ ከዚያ ግራውን ፓራኦሊ። ቀኙ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ አይታይም፤ ለእሱ አረፋውን የማርሽ ቤቱ መተንፈሻ ላይ ቀቡ። እዚያ ካፈላ ቀኙ ፓራኦሊ ነው፣ ወይም የሁለቱ ካርተሮች መጋጠሚያ።

ግፊት የያዘ ፓራኦሊ ሞተሩ ሲስብ ሊከዳ ይችላል። ከንፈሩ በጥፍር ሲነካ እንደ ፕላስቲክ ከደረቀ ፈተናውን ቢያልፍም ቀይሩት። ግራውን በተመለከተ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ በቆመ ሞተር ላይ ሳይፈተን ይቀየር ብንል አልተሳሳትንም።

ግራው ጋ ለመድረስ ቮላኖው መውጣት አለበት። የያማሃ መንቀያ 27 ሚሜ፣ ጥርሱ 1 ሚሜ፣ አዟዟሩም ወደ ግራ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ተራ ብሎን በግድ አስገብቶ የቮላኖውን ጥርስ ይጨርሳል፤ መንቀያ የሌለው ደግሞ በመዶሻ ይመታል። በመዶሻ የተመታ ኮሎ ከመስመር ይወጣል፣ የወጣ ኮሎ የሚዞርበትን ኩሽኔታ፣ ኩሽኔታው አዲሱን ፓራኦሊ ይበላል። መንቀያው ቶርኖ ቤት ሊሠራ ይችላል፤ ከአንድ ኮሎ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ቮላኖው እንደወጣ የኮሎውን ጫፍ ይዛችሁ ወደላይና ወደታች ነቅንቁት። በእጅ የሚሰማ ነገር ካለ ኩሽኔታው አልቋል፤ ሞተሩ ወርዶ ካርተሩ ይከፈት። ካልተሰማ አሮጌው ፓራኦሊ ላይ ሁለት ትንንሽ ቪቴ ትከሉና በፒንሳ ጎትታችሁ አውጡ፤ ኮሎው እንዳይጫር። አዲሱን ስታስገቡ ከንፈሩን ግሪስ ቀቡ፣ የኮሎውን የቁልፍ ቦይ በቀጭን ፕላስቲክ ሸፍኑ፤ የቦዩ ጠርዝ ከንፈሩን ይቆርጠዋል።

ሲሊንደርና ፒስተን

የወጣውን ፒስተን አትጣሉ። አራት ቦታ ላይ የተፋቀ ከሆነ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ቀድሞ አብጧል፦ ወይ ክፍተቱ ጠባብ ነበር፣ ወይ ሞተሩ ሳይሞቅ በኃይል ተነድቷል። በማስወጫው በኩል ብቻ የተላጨ ከሆነ ሙቀት ወይም የዘይት እጥረት ነው። አናቱ ከተበሳ የማቀጣጠያውን ጊዜና የድብልቁን መሳሳት ጠርጥሩ።

ሲሊንደር ማስፋት ከፈለጋችሁ ፒስተኑን አስቀድማችሁ ግዙና ከሲሊንደሩ ጋር ለቶርኖ ቤቱ ስጡ፤ በቁጥር ብቻ አታዙ። ትርፍ ልኮቹ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ሚሜ ናቸው። በፒስተኑ ቀሚስና በሲሊንደሩ መካከል የሚፈለገው ክፍተት ከ0.04 እስከ 0.05 ሚሜ ነው። «እንዳይጣበቅ 0.10 እንስጠው» የሚል ባለሙያ አይጠፋም፤ እንዲህ የተሠራ ፒስተን ያንኳኳል፣ ሪንጉንም ቶሎ ይጨርሳል። ሌላው የሚረሳው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ጠርዝ ነው። ከቶርኖ ሲወጣ እንደ ምላጭ ስለሚሆን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ካልለዘበ ሪንጉ እዚያ ላይ ይያዛል፣ ይሰበራል። ከዚያ ሲሊንደሩን በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ ነጭ ጨርቅ ሲታሸበት ነጭ ሆኖ እስኪወጣ እጠቡት። ቤንዚን ብቻውን ከማስፋቱ የቀረውን የድንጋይ ዱቄት አያወጣም። እንደደረቀ ወዲያው ዘይት ቀቡት፣ በዝናብ ወራት በአንድ ሌሊት ይዝጋል።

ሪንጉን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብታችሁ የጫፎቹን ክፍተት ለኩ፦ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሜ። ቀስቱ ወደ ማስወጫው፣ የሪንጉ ጫፎች በቦዩ ውስጥ ባለችው ፒን ላይ፣ የፒስተን ፒን መያዣ ሽቦዎቹ ሁልጊዜ አዲስ። ሽቦውን ስታስገቡ የካርተሩን አፍ በጨርቅ ድፈኑ። ቴስታታውን ከማሰራችሁ በፊት የፑንቲናውን ጊዜ አስተካክሉ፤ ፒስተኑ ክፍት ስለሆነ በካሊበር ጅራት በቀጥታ ይለካል። ፑንቲናው መከፈት ያለበት ፒስተኑ ከጫፍ 1.8 ሚሜ ሲቀረው ነው፤ ጊዜው የሚለወጠው በፑንቲናው ክፍተት ሲሆን ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሜ ውስጥ መቆየት አለበት። በዚህ ውስጥ ካልተገኘ ፑንቲናው አርጅቷል። የቴስታታው ዳዶዎች በሰያፍ፣ ደረጃ በደረጃ ይጠበቁ።

ካርቡራቶርና ከፍታ

ጂግለር በሽቦ አይጠረግም። የናስ ቀዳዳ ስለሆነ በዓይን ሳይታወቅ ይሰፋል፣ ከዚያ በላዩ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው። አየርና ቤንዚን ይበቃል፤ ካልበቃ አዲስ ግዙ።

የጎጃም ነገር ግን ከፍታው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ፣ የአባይ ድልድይ ደግሞ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሞተሩ ይከብዳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ስለዚህ ዋናውን ጂግለር በየ1,000 ሜትሩ 5 በመቶ ያህል ማሳነስ ልክ ነው፤ ለምሳሌ በባሕር ወለል ልክ 120 የነበረው ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 105 ይጠጋል። ደብረ ማርቆስ ላይ ቆንጆ የሚሄደው ሞተር ግን ወደ በረሃው ሲወርድ አየሩ ይከብዳል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ የሸለቆው ሙቀትም ይጨመራል፤ በዚያ ላይ ሽቅቡ ሙሉ ጋዝ ይጠይቃል። ፒስተኑ የሚጣበቀው እዚያ ነው።

ጂግለሩን የምትኖሩበትን ከተማ ብቻ አይታችሁ አትምረጡ፤ የምትነዱበትን ዝቅተኛ ቦታ አስቡ። ከደጀን ወዲያ የማይሻገር ሰው ለደጋው ያስተካክል። አባይን የሚሻገር ግን ዋናውን ጂግለር ለሸለቆው አድርጎ የደጋውን ክብደት በካርቡራቶሩ መርፌ ያቃልል፦ የመርፌው መያዣ ወደ ላይኛው ቦይ ሲወጣ መርፌው ይወርዳል፣ ግማሽ ጋዝ ላይ ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ግን ዋናው ጂግለር እንዳለ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ በሙሉ ጋዝ ትንሽ ቢያጉረመርም ይታገሡት።

ቁልቁለቱም የራሱ አደጋ አለው። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ሞተር ጋዙ ሲዘጋ ዘይቱም ይቆማል፤ ፓምፕ ያለውም ዘይቱን ይቀንሳል። ጋዝ ዘግቶ በሁለተኛ ማርሽ ረጅም መውረድ፣ ይባስ ብሎ ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልፉን ዘግቶ ከነማርሹ መልቀቅ፣ ፒስተኑን ያደርቀዋል። በየመቶ ሜትሩ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ትንሽ ጋዝ ስጡት።

መጀመሪያ ማስነሳት

የዘይት ፓምፑን አየር አውጡ፤ ቪቴዋን ፈታ አድርጋችሁ ዘይቱ ያለ አረፋ እስኪወርድ ጠብቁ። ፓምፑን ግን ወዲያው አትመኑት። ለመጀመሪያው ታንከር በሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የቱ-ስትሮክ ዘይት ጨምሩ፣ በዘይት ታንከሩ ላይ ምልክት አድርጉና መቀነሱን እዩ። የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ሲቃጠል ማርሚታውን በካርቦን ይደፍናል።

አስነሥታችሁ ቴስታታው እጅ እስኪፋጅ አሙቁ፣ አጥፉ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙና በቀዝቃዛው ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። እስከ 500 ኪሎ ሜትር ሙሉ ጋዝ የለም፣ ሰው መጫንም የለም፣ ፍጥነቱም አንድ ዓይነት አይሁን። በመካከል ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ፤ የተቆላ ቡና ቀለም ጥሩ ነው፣ ነጭ ከሆነ ቁሙና ወደ ሳሙናው አረፋ ተመለሱ።

የቀረው ቀላል ነው። የዛገ ታንከር ውስጥ አቼቶና አንድ እፍኝ ዳዶ ጨምራችሁ ሁለት ቀን እየናጣችሁ አቆዩ፣ በሶዳ ውኃ አጥቡ፣ አድርቁ፣ ወዲያው ቤንዚን ሙሉ። የተበሳ ታንከር ባዶ ቢመስልም ብየዳ አይጠጋው፣ የቤንዚን ትነት ይፈነዳል። የፍሬን ሸራ አቧራ በአየር አይነፋም፣ አሮጌው አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ካቴናና ጥርሶቹ አንድ ላይ ይቀየሩ። ቀለም የሚቀባው 500 ኪሎ ሜትሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሞተሩ እንደገና መውረድ ካስፈለገው አዲሱን ቀለም የሚጭረው የራሳችሁ ቁልፍ ነው።