ክሪቤንሲስን ቤት ውስጥ ስናራባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ክሪቤንሲስ ከጣት ብዙም የማትበልጥ ዓሣ ናት። ሴቷ 7፣ ወንዱ ደግሞ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ቢደርሱ ነው። አገሯ ደቡብ ናይጄሪያና ካሜሩን አካባቢ ነው። ከዝዋይና ከሐዋሳ እየመጣ የምንበላው ቆሮሶ ዘመዷ ነው፤ ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ክሪቤንሲስ ግን ዋሻ ፈልጋ እዚያ ትጥላለች፤ ከዚያ እናትና አባት አብረው ያሳድጋሉ። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። ሊያራቡ ከሞከሩ ወዳጆቼ የምሰማው ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ "ጣለች፣ ከዚያ ጠፋ።" ዓሦቹ ሥራቸውን ያውቃሉ። የሚቸኩለው ባለቤቱ ነው።

ስህተቱ ከሱቅ ይጀምራል። ያማሩትን ሁለት መርጠን እንገዛለን። በዚህች ዓሣ ዘንድ ግን የምታምረው ሴቷ ናት፤ ለመጣል ስትደርስ ሆዷ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ሁለት ቀያይ ከመረጣችሁ ሁለት ሴት ይዛችሁ ልትገቡ ትችላላችሁ። ወንዱ ሰውነቱ ረዘም ይላል፣ የጀርባው ክንፍ ጫፉ ሹል ነው፣ ጅራቱም መሃሉ ላይ ወጣ ይላል። ለይታችሁ ብትገዙም እንኳ መዋደዳቸው እርግጥ አይደለም። ካልተዋደዱ አንዱ ሌላውን እስኪሞት ድረስ ያሳድደዋል። ገና ትንንሽ ሳሉ 5 ወይም 6 ግዙና ራሳቸው ይመራረጡ። ጥንዱ ሲለይ ሌሎቹን አዛውሩ።

አኳሪየሙን ዛሬ ሞልቶ ዛሬውኑ ዓሣ መጨመርም የተለመደ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ማጥፊያ ጠብታ ከሌላችሁ ውሃውን ክፍት ባልዲ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ አቆዩት። ከዚያ ደግሞ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ውስጥ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። ርዝመቱ 60 ሴንቲሜትር የሆነ አኳሪየም ለአንድ ጥንድ ይበቃል።

"አሲዳማ ውሃ ይወዳሉ" ሲባል ሰምቶ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የሚጨምር ሰው አለ። እባካችሁ ተዉት። ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃው አሲዳማነት መለኪያ (ሲወርድ ውሃው አሲዳማ ነው)፣ ወርዶ መልሶ ይወጣል፣ ዓሣዋን የሚጎዳትም ይህ መዋዠቅ ነው። ለክሪቤንሲስ ከ6 እስከ 7.5 ያለው ደህና ነው። አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ። ውሃው አሲዳማ ሲሆን ከጫጩቶቹ ወንዶቹ ይበዛሉ፤ ወደ 7 ሲጠጋ ሴቶቹ ይጨምራሉ። ሁሉም ወንድ ሆኖ ከወጣባችሁ መጀመሪያ ውሃውን ለኩ።

አዲስ አበባ ላይ ከሁሉ የሚከፋው ብርድ ነው። እነዚህ ዓሦች 26 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋሉ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያለ ሂተር አይታለፍም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሰው ይደነግጥና የፈላ ውሃ ይጨምራል። ድንገተኛ ሙቀት ከብርዱ ይብሳል። የመስታወቱን ጎንና ጎን በጋቢ ሸፍኑት፣ ከላይ ትንሽ ክፍት ይሁን። 70 ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። መብራቱ እስኪመጣ ምግብ አትስጡ። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ካላችሁ ስፖንጅ ፊልተሩን እሱ ላይ ሰኩት፤ ባክቴሪያዎቹም አየር ካላገኙ ይሞታሉ።

ዋሻ ሳያዘጋጁ መጠበቅ፣ ወይም አፉ ሰፊ የሆነ ነገር ማስቀመጥ ሌላው ነው። ሴቷ የምትፈልገው እሷ እንደ ምንም የምታልፍበትን ቀዳዳ ነው። እኔ ጋ የሚሠራው አንገቱ የተሰበረ ጀበና ነው። ሳሙና ሳይነካው ደጋግሜ በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ ከዚያ ቀዳዳውን ወደ ግድግዳው አዙሬ አሸዋው ላይ አስተኛሁት። ሴቷ ሰውነቷን እንደ ቀስት አጥፋ ሆዷን ለወንዱ ታሳየዋለች፣ ትንቀጠቀጣለች። በአፏ አሸዋ እየዛቀች ከጀበናው ታወጣለች። አንድ ቀን ጠዋት ጭንቅላቷ ብቻ ከቀዳዳው ብቅ ብሎ ታያላችሁ፤ ወንዱ ደጁ ላይ ቆሟል። ጥላለች ማለት ነው።

ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ባትሪ አብርቶ ማየት፣ ዋሻውን ማንሳት። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ጀበናውን አንስቼ አየሁ። እንቁላሎቹ ከጤፍ ተለቅ ያሉ ናቸው፣ ጣራው ላይ ተለጥፈዋል። በማግስቱ አንድም አልነበረም፤ ወላጆቹ በልተዋቸዋል። አሁን ከጣለች በኋላ ከአኳሪየሙ ፊት ለፊት አልቀመጥም። 3 ቀን ገደማ ላይ ይፈለፈላል፤ ከዚያ ሌላ 4 ወይም 5 ቀን ቆይቶ እናቲቱ ጫጩቶቿን አስከትላ ትወጣለች። ባትረብሿቸውም የመጀመሪያውን ሊበሉት ይችላሉ። ጥንዱን አትለያዩ፣ በሚቀጥለው ይለምዱታል።

ሥር ለሥር የሚሄዱ ዓሦችን፣ ለምሳሌ ኮሪዶራስን፣ አብሮ ማኖር አይሆንም። ወላጆቹ ዓይናቸውን ይነቅሏቸዋል። ጥንዱን ብቻቸውን መተውም ቢሆን ጥሩ አይደለም። የሚያባርሩት ሲያጡ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ከላይ የሚዋኙ ጥቂት ትንንሽ ዓሦች ይበቃሉ።

ለጫጩት የእንቁላል አስኳል ወይም የዳቦ ፍርፋሪ መስጠት ውሃውን በአንድ ቀን ያበላሻል። የተሻለው አርቴሚያ የሚባለው የጨው ውሃ ደቃቅ ሽሪምፕ ነው፤ ደረቅ እንቁላሉ ይሸጣል። 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 25 ግራም ያህል ጨው ጨምሩ፣ በኤር ፓምፕ አረፋ ይኑረው፣ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ይሁን። ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ይፈለፈላል። በንጹህ ውሃ አለቅልቃችሁ በሲሪንጅ እናቲቱ አጠገብ ልቀቁት። የጫጩቶቹ ሆድ ወዲያው ብርቱካንማ ይሆናል፤ መብላታቸውን በዚያ ታውቃላችሁ። ፊልተራችሁ የሚስብ ዓይነት ከሆነ አፉን በስቶኪንግ ሸፍኑት፣ ካልሆነ ሁሉንም ይውጣቸዋል።

1 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆኑ ወደ ሌላ አኳሪየም አዛውሯቸው። ወላጆቹ እንደገና ሊጥሉ ሲዘጋጁ ልጆቻቸውን ማባረር ይጀምራሉ።

አንድ ጊዜ ከ100 በላይ ጫጩት ሊወጣ ይችላል። የተረፈውን ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ትልቅ ጥፋት ነው። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የሌሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ባዕድ ዓሣ የሚያመጣባቸውን በሽታ ላይችሉት ይችላሉ። ከመጀመራችሁ በፊት ተቀባይ ፈልጉ። እኔ ከሌላ አራቢ ጋር እቀያየራለሁ። 10 ሰጥቼ 4 እወስዳለሁ፣ የእኔዎቹ ከእህት ወንድሞቻቸው ጋር እንዳይጣመሩ።