«አለፈኝ» ሲሉ፦ ለአረጋውያን በሚሠራ አኒሜሽን ላይ የሚገጥም ችግርና መፍትሄው

ጅማ ውስጥ በሕክምና ተቋማት መጠበቂያ ክፍሎች ለሚታዩ ቴሌቪዥኖች አጫጭር አኒሜሽን እሠራለሁ። ተመልካቾቼ በአብዛኛው የደም ግፊትና የዓይን ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ናቸው። ቴሌቪዥኑ መሰካቱንና ድምፁ መከፈቱን አይታችሁ እንደመጣችሁ እቆጥራለሁ።

ምልክት፦ አፍጥጠው ያያሉ፤ ሲጠየቁ ግን «አለፈኝ» ይላሉ።

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይህ ነው። ወረቀት ተመልካቹን ይጠብቃል፣ አኒሜሽን አይጠብቅም። ያለፈውን በአእምሮ ይዞ የሚመጣውን መከተል ደግሞ ዕድሜ ሲገፋ ይከብዳል። ሠሪው ግን ጠብታውንም፣ ቀስቱንም፣ የግርጌውን ጽሑፍም በአንድ ላይ ያስሮጣቸዋል።

ከሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚጨመር ጠብታ የሠራሁትን ለአንዲት እናት አሳየኋቸው። «ምን አዩ፣ እማማ?» ስላቸው «ቢራቢሮ» አሉኝ። ለጌጥ ብዬ ጥግ ላይ ያበረርኳት ቢራቢሮ! የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ የሚያደርገው ጣት፣ ማለትም ዋናው ጉዳይ፣ ሁለት ሰከንድ እንኳ አልቆየም ነበር። ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር ይጠራዋል፤ የማያስፈልገውን ንቆ ማለፍም በእርጅና ቀላል አይደለም።

መፍትሄው፦ ጌጡን በሙሉ አውጡ። ጣቱ ቆቡን ይሳብ፣ ይቁም። ጠብታው ይውረድ፣ ይቁም። ዓይኑ ይከደን፣ ይቁም። ያለቀው እርምጃ አይጥፋ፤ አነስ ብሎ ከጎን ይቀመጥ፣ መጨረሻ ላይ ሦስቱም ሥዕሎች ተደርድረው ይቆዩ። ተራኪው እየተናገረ ሌላ ጽሑፍ አታስነብቡ። የጠርሙሱን ጫፍ ዓይን ላይ አስነክታችሁ እንዳትሥሉ፤ ያዩትን ነው የሚያደርጉት። እማማ በሌላ ቀን አዲሱን ሲያዩ ጣታቸውን ወስደው ቆባቸውን ሳብ አድርገው አሳዩኝ። ያልታጠበ ጣት! እጅ መታጠብን ረስቼው ነበር፤ ለብቻው ሠርቼ ከፊት አስገባሁት።

ምልክት፦ የጠዋቱን ኪኒን ከሰዓት በኋላ ይወስዳሉ።

ጥፋቱ ከውጭ የተገዛው ዝግጁ ሥዕል ነው፤ የሰዓቱ ትንሹ ዘንግ 8 ላይ ቆሞ «ጠዋት» ይላል። እኛ ጋ 8 ሰዓት ምሳ ከተበላ በኋላ ነው። አንድ አባት እንዲህ ሲወስዱ ሰንብተው ስደርስበት አፈርኩ። ገንዘብ ተከፍሎበት የእኛን ሰዓት የማያውቅ ሥዕል! ዘንጉን 2 ላይ አድርጉት፣ ፀሐይም ከጎኑ ትውጣ።

ምልክት፦ ጽሑፉ አይነበብም።

«ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በአንዲት ቅጥያ ቦታ ነው፤ በቀጭንና በትንሽ ፊደል ቅጥያዋ ትጠፋለች። ወፍራም ፊደል ተጠቀሙ። በጽሑፉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 7 ለ 1 ይሁን፤ 4.5 ለ 1 የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ነው። የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር ወደ ቢጫነት ስለሚያደላ ሰማያዊና አረንጓዴን ጎን ለጎን አታድርጉ። ግራጫ በነጭ ላይ የሚጽፍ ሰው ግን ምን እንደሚባል አላውቅም።

ምልክት፦ ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም።

በእርጅና ቀድሞ የሚደክመው ቀጫጭን ድምፅ ነው፤ «ስ» እና «ፍ» ይዋጣሉ። ድምፅ ከመጨመር ይልቅ ሙዚቃውን አውጡ፣ ተራኪውም ረጋ ይበል። በአፋን ኦሮሞ ለብቻው ቅረጹ እንጂ በአማርኛው ላይ አትደርቡት። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ግን ማንም ተራኪ አያሸንፈውም፤ ሥዕሉ ያለ ድምፅም መናገር አለበት።

ብልጭ ድርግም የሚል ነገር እምብዛም አይገጥመኝም። ከገጠማችሁ በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይበራ፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊያስነሳበት ይችላል።