ድመቷ ታስነጥሳለች፤ ጉንፋን ይሆን?

አንዴ ሁለቴ ማስነጠስ ከአቧራም ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ካላቆመ፣ ዓይኗም ካለቀሰና ንፍጥ ካዝረከረካት ግን የድመት ጉንፋን መጠርጠር ነው። ስሙ ያሳስታል፤ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ኢንፍሉዌንዛ ሳይሆን የድመት ሄርፐስና ካሊሲ የሚባሉ ቫይረሶች ናቸው። እነዚህ ወደ ሰው አይተላለፉም።

ምልክት፦ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ሽፋኑ በአይናር ተጣብቋል።
መንስኤ፦ በአብዛኛው ሄርፐስ። የዓይኗን ገጽ ሊያቆስል ይችላል።
መፍትሄ፦ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ከአፍንጫዋ በኩል ወደ ውጭ ይጥረጉላት፤ ለሁለቱ ዓይኖች አንድ ጥጥ አይሁን። ጨፍናው ከዋለች በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። ቤት የተረፈ የሰው የዓይን ጠብታ አይሞክሩ።

ምልክት፦ ሳህኑ ጋ ትሄዳለች፣ ታሸታለች፣ ሳትቀምስ ትመለሳለች። አንዳንዴም ለሃጯ ይዝረበረባል።
መንስኤ፦ ለሃጩ ካለ ካሊሲ ምላሷን አቁስሎት ይሆናል። ከሌለ አፍንጫዋ ተደፍኗል፤ ድመት ደግሞ ያልሸተታትን አትበላም።
መፍትሄ፦ እኔ ከማስነጠሱ ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው። ለጥቂት ቀናት ያልበላች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሌላ በሽታ ይጨመርባታል። ለስላሳ ምግብ ለብ አድርገው ይስጧት፤ ሽታው ይነሳል። ሙቅ ውሃ በተከፈተበት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል እንፋሎት ብትምግ አፍንጫዋ ይከፈታል። 24 ሰዓት ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ጋ ይውሰዷት።

ትኩሳቷን ለማብረድ ብለው ፓራሲታሞል እንዳይሰጧት! ግማሽ ክኒን እንኳ ሊገድላት ይችላል። አንቲባዮቲክም ቫይረሱን አይነካውም፤ ሐኪም የሚያዘው ተደርቦ ለሚመጣ ባክቴሪያ ነው።

ምልክት፦ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች።
መፍትሄ፦ አይጠብቁ፣ አሁኑኑ ይውሰዷት። ማለክለክ ለውሻ ልማድ ነው፣ ለድመት ግን አይደለም።

ድና በወሩ ካገረሸባት አይደንግጡ። ሄርፐስ ዕድሜ ልክ አድፍጦ ይኖራል፤ ቤት መቀየር ወይም አዲስ ድመት መምጣት ይቀሰቅሰዋል። ክትባት ሕመሙን ያቀልላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

ውሻና ፈረስን ግን እውነተኛው ኢንፍሉዌንዛ ይይዛቸዋል። ፈረስ ከፍተኛ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ካሳየ ከሥራ ይውጣ፤ ትኩሳት ለቆየበት ለእያንዳንዱ ቀን 1 ሳምንት እረፍት የሚለው የቆየ ልኬት ነው።

ዶሮዎች በድንገት እየሞቱ፣ ድመቷም ጥሬ ሥጋቸውን በልታ ከታመመች ነገሩ ሌላ ነው። ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ድመትን ይገድላል፣ ሰውንም ሊይዝ ይችላል። የሞተውን በባዶ እጅ አይንኩ፤ ድመቷን ይዘው ከመሄድዎ በፊት ሐኪሙ ጋ ደውለው ይንገሩት።