ትንሽ ልጅ ይዞ ጥምቀት፦ መቼ መውጣት፣ የት መቆም፣ ምን መያዝ

ልጅ ይዞ ጃንሜዳ የሚሄድ ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በሰዓቱና በሚቆምበት ቦታ ነው። በማለዳ ተነሥቶ ሜዳው መሀል ይገባል፤ ልጁ ከሰው ወገብ በታች ሆኖ የሚያየው ቀሚስና ሱሪ ብቻ ነው። የልጅ ጥምቀት ያለው መንገድ ላይ ነው።

ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከሦስቱ ቀናት የሚመረጠው ጥር 10፣ የከተራ ከሰዓት ነው። ታቦቱ ከደብሩ ወጥቶ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ ባለ ወርቅ ዘቦ ጥላው፣ ዩኒፎርም የለበሱት ሰንበት ተማሪዎች፣ ምንጣፉን ከኋላ እየጠቀለሉ ወደ ፊት ሮጠው የሚያነጥፉት ወጣቶች፣ ሁሉም በልጁ ፊት ያልፋል። ምንጣፍ አንጣፊዎቹን ልጆች ከምንም በላይ ይወዷቸዋል። ጥር 11 ንጋት ላይ ግን ጸበል ሲረጭ ሕዝቡ ወደ ፊት ይገፋል። ብርዱም ገና አልለቀቀም፤ የራሰ ልጅ ወዲያው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በዚያን ቀን ካልሆነ የምትሉ ረፋድ ላይ፣ ታቦታቱ ሲመለሱ ውጡ። ጸበል ለማስረጨት ከገባችሁ ደግሞ ሙሉ ቅያሪ ልብስና ፎጣ በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ፤ ካልሲ እንዳይረሳ።

የምትቆሙበትን ቦታ ከሰፈራችሁ ደብር ብዙ ሳትርቁ፣ መንገዱ ሰፋ ባለበትና ከጀርባችሁ መውጫ ቅያስ ባለበት ምረጡ። ግንብ ወይም አጥር ከኋላችሁ ካለ ሕዝቡ ሲገፋ መሄጃ አይኖራችሁም። ግፊያው የሚበረታው ታቦቱ ካለፈ በኋላ፣ አጃቢው ሲከተል ነው፤ ስለዚህ ታቦቱ እንዳለፈ ተከትላችሁ አትግቡ፣ ሰዉ እስኪሳሳ ባላችሁበት ቆዩ። ከሞንታርቦ ራቁ። ፈረሰኞች ካሉ ከፈረስ ኋላ አትቁሙ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሏልና አዲስ ልብሱ ይለበስ፤ አዲስ ጫማ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ቀን መጀመሪያ የተጫማ ልጅ ግማሽ ሰዓት ሳይሄድ ተረከዙ ይላጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሙሉ በእናንተ ጀርባ ነው። ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ቤት ውስጥ ይልመደው። የሐበሻ ቀሚሱ መሬት የሚነካ ከሆነ እስከ ቁርጭምጭሚት ይጠፍ፣ ነጠላው ወገብ ላይ ይታሰር፤ እየረገጡት ነው የሚወድቁት። ጠዋትና ማታ ይበርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ የአዲስ አበባ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ከውስጥ ታይትና ሹራብ፣ ከላይ ባርኔጣ።

ሌላው ችግር፣ በዚያ ቀን ሁሉም ልጅ ነጭ ለባሽ ነው። «ነጭ የለበሰ ልጅ አይታችኋል?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይፈይድም። ከሩቅ የሚለይ አንድ ነገር አድርጉለት፦ ቢጫ ባርኔጣ፣ ቀይ ካልሲ። ከቤት ስትወጡ በዚያው ልብስ ከራስ እስከ እግሩ ፎቶ አንሡት። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ላብ ሊያጠፋው ስለሚችል በወረቀትም ጽፋችሁ ከልብሱ ውስጥ በመርፌ ቁልፍ አያይዙ። «ከጠፋሁህ አትሂድ፣ እዚያው ቁም፤ ልጅ የያዘች እናት ወይም ፖሊስ ካየህ ስምህን ንገር» ብላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አስደግሙት።

ፍተሻ ላይ የወንድና የሴት ሰልፍ ይለያል። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ልጁ ከማን ጋር እንደሚያልፍ ሰልፉ ጋ ሳትደርሱ ተነጋገሩ፤ «አንተ ጋ መስሎኝ» የሚባለው እዚያ ነው። መገናኛ ቦታም አስቀድማችሁ ለዩ፤ «በሩ ጋ» አይበቃም፣ ሁሉም በሩ ጋ ነውና። ስልክ ቢጨናነቅ መልእክት ሊያልፍ ይችላል።

የልጅ ጋሪ ቤት ይቅር፤ ኮብልስቶንና ግርግር ላይ ሸክም ነው። ለሕፃን አንቀልባ፣ ከፍ ላለው እሽኮኮ ይሻላል። እሽኮኮ ላይ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቶቹን ያዙ፣ በየአሥር ደቂቃው አውርዱት። ከሰው በላይ ሲሆን ዐይኑ የጥላ ጫፍና የሚወዛወዝ ዱላ ትክክል እንደሚሆን ልብ በሉ፤ ጭፈራው ሲጠጋ መውረድ አለበት።

ሽንት ከቤት ሳይወጣ፣ ባይመጣም ይሞከር። አንድ ሊትር ውሃ፣ ሙዝ፣ ዳቦ ይበቃል። ቆሎና ኦቾሎኒ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፤ እየሮጠና እየሳቀ ሲበላ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል። ሸንኮራ በትንሹ ተቆርጦ፣ መጦ እንዲተፋው ከጎኑ ሆናችሁ። ፊኛ የሚገዛው ወደ ቤት ሲመለሱ ነው፤ ቀድሞ ከተገዛ ወይ ይፈነዳል ወይ ያመልጣል፣ ለቅሶውም ታቦቱ ሲያልፍ ይጀምራል። የፈነዳውን ቁራጭ ከእጁ ተቀበሉ፣ አፉ ውስጥ ይከተዋልና። ዋጋ ስትከራከሩ ልጁ አሻንጉሊቱን ታቅፎ ከቆመ ነጋዴው እንደማይቀንስ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ ነውና ካሜራ ያነገተ እንግዳ አይጠፋም። ልጃችሁ እንዲነሣ ካልፈለጋችሁ መዳፍ ማሳየት በቂ ነው።

ልጅ መድከሙን አይናገርም፤ ዐይኑን ያሻል፣ ነጠላውን ይጎትታል፣ በማይረባ ነገር ይነጫነጫል። ይህን ስታዩ ሽብሸባው ቢደምቅም ውጡ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚቆይ የአራት ዓመት ልጅ ጥቂት ነው። መንገዶች ስለሚዘጉ ታክሲ ቅርብ አይገኝም፤ የመመለሻውን እግር ጉዞ ከሰዓቱ ላይ ቀንሱ፣ አጃቢው በሚሄድበት ሳይሆን በተቃራኒው ቅያስ ውጡ። ከተራው ባይሳካ ደግሞ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ አለ፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚገባው ያን ቀን ነው።