የድሮ የዞምቢ ፊልም ለአሁኑ ተመልካች እንዴት እንደገና ይሰራል?

የዞምቢ (ከሞት ተነስቶ ሰው የሚበላ ሙት) ፊልም እንደገና ልስራ የሚል ሰው ሐሳቡ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ሜካፕና ወደ ደም ነው። እኔ ግን ከጭቅጭቁ ጀምሩ እላለሁ። ጥሩ የዞምቢ ፊልም ውስጥ አንድ ቤት የተዘጋባቸው፣ መስማማት ያቃታቸው ሰዎች አሉ። የሚያስፈራቸው ውጭ ያለው ነው፤ የሚያስጨርሳቸው ግን የእርስ በርስ እልሃቸው ነው። ይህን ያልያዘ ሪሜክ (እንደገና የተሰራ ፊልም) የቱንም ያህል ገንዘብ ቢፈስበት ከድሮው የተሻለ ደም ብቻ ነው የሚያሳየን።

ለምሳሌ የዳይሬክተር ጆርጅ ሮሜሮን «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» እንያዝ። በ1968 በአሜሪካ ፒትስበርግ አካባቢ፣ በ114 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ የተሰራ ፊልም ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1990 ቶም ሳቪኒ እንደገና ሰራው፤ ስክሪፕቱን የጻፈው ራሱ ሮሜሮ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

1. ፊልሙን ሁለት ጊዜ እዩ

መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እንደ ተመልካች እዩት። በሁለተኛው ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ ጻፉ። በሮሜሮ ፊልም ከሙታኑ ሸሽተው አንድ ቤት ከተዘጋባቸው ሰዎች ሁለቱን፣ ቤንንና ኩፐርን እንያዝ። ቤን በርና መስኮቱን በጣውላ እየመታ እላይ እንቆይ ይላል፤ እላይ መውጫ አለ። ኩፐር ምድር ቤት ገብተን እንዝጋው ይላል፤ እዚያ የሚጠበቀው አንድ በር ብቻ ነው፤ የተነከሰች ልጁም እዚያው ተኝታለች። የሁለቱም ሐሳብ ያስኬዳል። የሚገርመው፣ ሌሊቱን በሕይወት ያለፈው ቤን ብቻ ነው፤ የተረፈውም አልገባም ብሎ ሲሟገት ባመሸበት ምድር ቤት ውስጥ ነው። የእናንተም ፊልም እንዲህ ያለ፣ ማንም ሙሉ በሙሉ የማይረታበት ክርክር ያስፈልገዋል።

2. መብቱ የማን እንደሆነ አጣሩ

የ1968ቱ ፊልም መጀመሪያ «ናይት ኦቭ ዘ ፍሌሽ ኢተርስ» ይባል ነበር። አከፋፋዩ ስሙን ሲቀይር የቅጂ መብት ማስታወቂያው ከአዲሱ ርዕስ ላይ ሳይገባ ቀረ። በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ያ ማስታወቂያ ከሌለ ጥበቃ የለም። ስለዚህ ፊልሙን ማንም እያባዛ ሲሸጠው፣ የለፉበት ሰዎች የሚገባቸውን ሳያገኙ ቀሩ። በጣም ያሳዝናል።

ስለዚህ ታሪኩን አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ መጠቀም ይቻላል። የሌላ አገር ሕግ ግን ሊለይ ይችላል። የ1990ው ሪሜክም የራሱ ባለመብት ስላለው እሱ ያመጣውን አዲስ ነገር መውሰድ አይቻልም። ስክሪፕት መጻፍ ሳትጀምሩ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

3. ተመልካቹ የሚያውቀውን ተጠቀሙበት

የድሮው ፊልም የሚከፈተው መቃብር ቦታ ነው። ወንድምና እህት አባታቸው መቃብር ላይ አበባ ሊያኖሩ መጥተዋል። ከኋላቸው ራቅ ብሎ አንድ ሰው በዝግታ ይሄዳል። በ1968 የነበረ ተመልካች ሰውየውን ልብ አይለውም፤ እሱም መቃብር ሊጎበኝ የመጣ ይመስላል። ድንገት እህትየው ላይ ይወድቅባታል።

በ1990 ግን ያ ሰው ምን እንደሆነ ያልሰማ የለም። ሳቪኒ ምን አደረገ? አንድ ሽማግሌ እየተንገዳገደ መጥቶ እህትየውን፣ ባርባራን፣ ይጋጫታል። ተመልካቹ «ይኸው መጣ!» ይላል። ሰውየው ግን ይቅርታ ጠይቋት ያልፋል። እፎይ ባልንበት ቅጽበት እውነተኛው ሙት ከሌላ በኩል ይመጣል። ለእኔ ይህ ትዕይንት ብቻውን ሪሜክ ማለት ምን እንደሆነ ያስተምራል። የምትሰሩትን ፊልም ታዋቂ ትዕይንቶች ዘርዝሩና በእያንዳንዱ ላይ ተመልካቹ ምን እንደሚጠብቅ ጻፉ። እዚያ ላይ አታልሏቸው።

ባርባራም ተለውጣለች። በ1968 በድንጋጤ ደርቃ አብዛኛውን ጊዜ ሶፋ ላይ ነው የምትቀመጠው። በ1990 መጀመሪያ ትደነግጣለች፤ ቆይታ ግን መሣሪያ ታነሳለች። ሙታኑ በጣም ቀርፋፋ ስለሆኑ በመካከላቸው አልፎ መሄድ እንደሚቻል ያስተዋለችው እሷ ናት። ወንዶቹ እየተጯጯሁ ማን ይስማት! ገጸ ባሕርይዋን ጠንካራ ያደረጋት ጠመንጃው ሳይሆን ይህ ማስተዋሏ ነው። ዘመናዊ ላድርጋት ብላችሁ መሣሪያ ብቻ አታስይዟት።

4. ስልኩን አትግደሉት

አሁን የሚሰራ ፊልም ትልቁ ፈተና ሞባይል ነው። ብዙ ጸሐፊዎች «ኔትወርክ የለም» ብለው በአንድ መስመር ይገላገሉታል። ተመልካቹ ግን ይህን ሰልችቶታል።

የድሮውን ፊልም እንደገና እዩት። ሰዎቹ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበራቸው። ችግሩ የወሬ እጥረት አልነበረም። መጀመሪያ ከቤት አትውጡ ተባሉ፤ ቆይቶ ደግሞ ወደ መጠለያ ጣቢያዎች ሂዱ ተባሉ። ጭቅጭቁን ያባባሰው ይህ ነው። ስለዚህ ስልኩ ይስራ። ቤን አንድ ቪዲዮ ያሳይ፣ ኩፐር ተቃራኒውን የሚናገር ሌላ ቪዲዮ ያምጣ። አንዷ ልጅ በቤተሰብ ግሩፕ የተላከ የድምፅ መልእክት ደጋግማ ትስማ፤ ማመን አለማመኑ ግራ ይግባት። ባትሪው 9 በመቶ ሲቀረው ደግሞ ስልኩን ማን ይያዘው? ይህ ራሱ አንድ ሙሉ ትዕይንት ይወጣዋል።

5. ይራመዳሉ ወይስ ይሮጣሉ?

ይህን ስክሪፕቱ ሳይጻፍ ወስኑ። ዳይሬክተር ዛክ ስናይደር በ2004 «ዶውን ኦቭ ዘ ዴድ» የተባለውን ሌላ የድሮ የዞምቢ ፊልም እንደገና ሲሰራ ሙታኑን አስሮጣቸው፤ ያስደነግጣል። የሚሮጥ ሙት ካለ ግን ቆሞ ለመከራከር ጊዜ የለም። ቀርፋፋዎቹ የሚያሸንፉት በብዛታቸውና በሰዎቹ ድካም ነው። የእኔ ምርጫ ቀርፋፋው ነው።

6. ሜካፕና ደም

በ1968 ደም ሆኖ ያገለገለው የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማንም አላወቀም። ለቀለም ፊልም ግን የበቆሎ ሽሮፕ ላይ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሩ፤ በጣም ሮዝ ከሆነባችሁ ትንሽ ካካዎ ያጠቁረዋል። ልብስና ምንጣፍ ላይ ስለሚቀር መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞክሩት። ፊትንም በመስታወት ሳይሆን በምትቀርጹበት መብራት፣ በካሜራው ውስጥ እዩት። በ1978ቱ «ዶውን ኦቭ ዘ ዴድ» ሜካፑን የሰራው ሳቪኒ ፊቶቹን ግራጫ ነበር የቀባው፤ ፊልሙ ላይ ግን ብዙዎቹ ሰማያዊ መስለው ወጡ።

7. መጨረሻው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በድሮው ፊልም ሲነጋ የታጠቁ የአካባቢው ሰዎች ውሻ እየጎተቱ ይመጣሉ። ቤን በመስኮት ብቅ ሲል ሙት መስሏቸው ይገድሉታል። ቤንን የተጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ተኳሾቹ ነጮች ናቸው። ፊልሙ የታየው ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ ላይ በተገደለበት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ስክሪፕቱ ውስጥ ስለ ቀለም አንድም ቃል የለም፤ ግን ያንን መጨረሻ ያየ አሜሪካዊ መልእክቱ አልጠፋውም።

በ1990 ቤን ራሱ ሙት ሆኖ ይገኛል። ኩፐር ግን ከጣሪያው ሥር ተደብቆ ተርፏል። በሕይወት እያለ፣ እያወቀችው ባርባራ ትተኩስበታለች። ቁጣው ከውጪዎቹ ሰዎች ወደ እሷ ዞሯል ማለት ነው። እናንተም በፊልማችሁ አገርና ዘመን ማን ማንን እንደሚፈራ ጠይቁ፤ መጨረሻውን ከዚያ አውጡት።

8. ከመልቀቃችሁ በፊት

የድሮውን የሚወዱ ጥቂት ሰዎችና ጨርሶ ያላዩ ወጣቶችን ለየብቻ ጋብዙና አሳዩ። ስክሪኑን ተዉት፤ ጎን ተቀምጣችሁ የሰዎቹን ፊት እዩ። ስልክ የሚያወጡበትን ደቂቃ መዝግቡ። ሁለቱም ወገን አንድ ቦታ ላይ ስልክ ካወጣ ያን ትዕይንት አሳጥሩት። የድሮዎቹ ብቻ ከሆኑ ግን ቶሎ አትቁረጡት፤ ወጣቶቹ ትንፋሻቸውን ይዘው እያዩት ሊሆን ይችላል።