ቀበሮው ምሳውን እየጠበቀ ነበር

ባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ አምባ ላይ ነው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐይ ወጥታም ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሃያ የምንሆን የዱር እንስሳት ክበብ ልጆች ከሚኒባሱ ወርደን መንገድ ዳር ቆመናል። ፊት ለፊታችን አንድ ቀይ ቀበሮ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ አንዲት ጉድጓድ ላይ አፍጥጧል። የሚንቀሳቀሰው ጆሮው ብቻ ነው። ፍልፈሉ አንገቱን ብቅ ያደርግና ሣር ጎትቶ ይመለሳል። ደግሞ ብቅ ይላል፣ ይመለሳል። ከኋላዬ አንዱ ጓደኛችን አላስችል ብሎት «እዩት! እዩት!» ብሎ ጮኸ። ፍልፈሉ ገባ፣ ቀረ። ቀበሮው ቀና ብሎ አየንና ቀስ እያለ ሄደ። አብሮን የነበረው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) «ምሳውን አባረራችሁበት» አለ። ቢቆጣን ይሻል ነበር።

ያ ጓደኛችን ክፉ ልጅ አይደለም። እንዲያውም ከሁላችንም በላይ እንስሳ የሚወደው እሱ ነው። ይሄን የምጽፈውም ለዚህ ነው። ስለ አዳኙና ስለ ከሰል አክሳዩ ብዙ ተብሏል፤ እኛ «ወዳጅ ነን» ባዮቹ የምናጠፋውን ግን ማንም አያነሳብንም። አብዛኞቹን ራሴም ሠርቻቸዋለሁ።

ዳቦ መወርወር

ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ያውቀዋል። ዓሣ የሚገፉት ልጆች ትራፊውን ሲወረውሩ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እንደ ሽማግሌ ተኮፍሶ ይጠብቃል፣ ጦጣው ደግሞ የእናንተን ኪስ ያያል። የእህቴ ልጅ ቆሎ በመዳፏ ይዛ እጇን ዘረጋችለት። ጦጣው ቆሎውን በላ፤ ሲያልቅ ደግሞ እጇን ቧጠጠው። ቀኑ የሐይቅ ዳር ሽርሽር መሆኑ ቀርቶ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ አለቀ። (እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ቤት መግባት የለም።)

ጦጣው ጥፋት የለበትም። ሰው ማለት ምግብ ነው ብለን ያስተማርነው እኛ ነን። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ዝንጀሮን በብስኩት የሚጠሩ ጎብኚዎች አይቻለሁ። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣር የሚነጭ እንስሳ ብስኩት ምን ያደርግለታል? ከለመደ በኋላ ደግሞ ከካምፑ ወደ ገብስ ማሳው ሩቅ አይደለም። ማሳው ሲገባ ድንጋይ የሚያነሳው ገበሬው ነው፣ ብስኩቱን የሰጠው ሰው ግን ያን ጊዜ አዲስ አበባ ገብቶ ፎቶ እየለጠፈ ነው።

«እናቱ ጥላው ሄዳለች»

ክረምት ላይ ችግኝ ልንተክል ወጥተን ቁጥቋጦ ሥር የተኛ የድኩላ ግልገል አገኘን። ብቻውን ነው፣ አይንቀሳቀስም። አዘንንለት። በጃኬት ጠቅልለን ትምህርት ቤት ወሰድነው፣ የላም ወተት በጡጦ ሰጠነው፣ ስምም አወጣንለት። በአራተኛው ቀን ሞተ።

በኋላ ነው የገባኝ። የድኩላ እናት ግልገሏን ደብቃ ነው ለግጦሽ የምትሄደው፣ ተመልሳ ታጠባዋለች። ዝም ብሎ መተኛቱ መከላከያው ነው። እኛ ያዳንነው ሳይሆን የሰረቅነው ልጅ ነበር። ግልገል ስታዩ ወደኋላ ተመለሱ፣ ውሻና ሕፃናትን አርቁ፣ በቃ። የቆሰለ ከሆነ ወይም እናቱ አጠገቡ ሞታ ካገኛችሁ ለፓርኩ ወይም ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ደውሉ።

ከዚህ የባሰው ገዝቶ ማዳን ነው። መንገድ ዳር የታሰረ ጦጣ ወይም የአቦሸማኔ ደቦል ይዞ የቆመ ሰው ስናይ አንጀታችን ይበላና «ከፍዬ ልልቀቀው» እንላለን። ሻጩ ግን ገንዘቡን ቆጥሮ ሌላ ሊያመጣ ነው የሚሄደው። የአቦሸማኔ ደቦሎች ከምሥራቁ አገራችን በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በኮንትሮባንድ ይሻገራሉ፣ ብዙዎቹም በመንገድ ላይ ያልቃሉ። ስለዚህ ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ልጆች፣ መኪና ወንበር ላይ የተቀመጠ ደቦል ቪዲዮ ስታዩ ላይክ አትስጡት። እዚህ ደግሞ በሕግ የዱር እንስሳ ያለፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው፤ «ላድነው ብዬ ነው» ማለት አያዋጣም። ከሕገወጦች የተያዙት ሆለታ አጠገብ ወዳለው እንሰሳ ኮቴ ማዕከል ይገባሉ። እዚያ ካሉት ብዙዎቹ ሰው እጅ ስላደጉ ተመልሰው ዱር መግባት የማይችሉ ናቸው።

ውሻ ማስከተል

ይሄኛውን ማንም እንደ ስህተት አይቆጥረውም። ካምፕ ስንወጣ የሰፈሩ ውሻ ከተከተለን ደስ ይለናል፣ አጥንት እንጥልለታለን፣ አብሮን ይውላል። ግን በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የሚፈጃቸውም ብዙ ጊዜ ጥይት ሳይሆን ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ የወብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨረሰ። ቀበሮ በቤተሰብ ነው የሚኖረው፤ ጠዋት ሲገናኙ እየተላላሱ ሰላም ይባባላሉ። አንዱ ከታመመ ሁሉም ታመመ ማለት ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ባሌ ወይም ሰሜን ተራሮች አካባቢ ያለ ክበብ ፖስተር ከሚስል ይልቅ የውሻ ክትባት ዘመቻ ሲመጣ ቤት ለቤት ዞሮ «የእማማ እገሌ ውሻ አልተከተበም» የሚል ዝርዝር ቢይዝ ትልቅ ሥራ ሠራ። ፎቶ አይወጣውም፣ አውቃለሁ።

ስልክና ድሮን

አጭር ነው። ጎጆና ዋሻ ያገኛችሁበትን ትክክለኛ ቦታ አትለጥፉ፤ እናንተ ያያችሁትን አዳኙም ያየዋል። አብያታ ሐይቅ ላይ ፍላሚንጎ ሲነሳ ቪዲዮው ያምራል፣ እውነት ነው፤ ወፉ ግን የተነሳው ደንግጦ ነው፣ መብላቱንም አቋርጦ ነው። ለቪዲዮ ብላችሁ አታስነሱት።

ባየንበት ሁሉ ዛፍ መትከል

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. አገር ምድሩ ሲተክል እኔም ተክያለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው። ቅሬታዬ ባዶ የመሰለንን ሜዳ ሁሉ ባዶ ማለታችን ላይ ነው። ሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳ ሣራማ ደጋ ብታዩት ዛፍ የለውም ማለት ይቻላል። ግን ሣሩን አይጥ ይበላዋል፣ አይጡን ቀበሮ ይበላዋል፣ ጭላዳውም ኑሮው እዚያው ሣር ላይ ነው። ባሕር ዛፍ አምጥታችሁ ብትደረድሩበት ያለማችሁ ሳይሆን ያፈረሳችሁ ናችሁ። ከመትከላችሁ በፊት «እዚህ ድሮ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚጠየቅ ሰው ደግሞ አይጠፋም፤ እሱን ልናገር ነው።

ገበሬውን ልናስተምር መሄድ

እዚያው መንዝ ባነር ዘርግተን «የዱር እንስሳት ጥቅም» የሚል ንግግር ጀመርን። አንድ አባት ጋቢያቸውን ደርበው እስከ መጨረሻው ሰሙንና «ልጆቼ፣ የጓሳ ሣር ቤት ላይ ሲከደን ስንት ዓመት ይቆያል?» አሉ። ማናችንም አናውቅም። ሳቁብን፣ በፍቅር ነው።

የመንዝ ሰው ጓሳን በራሱ ሥርዓት መጠበቅ የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር። አንዳንዴ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከብትም ማጭድም እንዳይገባ ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ በቀን ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሕዝቡ በኋላ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መልሶ አቆመው። እኛ ሦስት መቶ ዓመት ዘግይተን ባነር ይዘን ደረስን። ከዚያ ወዲህ የገባሁበት ክበብ ሁሉ የመጀመሪያውን ቀን ደብተር ይዞ እንዲጠይቅ ነው የምወተውተው።

እሳት

በ2019 እ.ኤ.አ. ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ገበሬውና ተማሪው በቅጠል እየደበደበ ነበር የሚያጠፋው፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ። የአስታ ቁጥቋጦና ሣር ባለበት ቦታ የካምፕ እሳት ባታነዱ ይመረጣል። ካነደዳችሁም ከላይ አመድ ስለሆነ ጠፋ ብላችሁ አትተኙ። ውሃ አፍሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ ደግሞ አፍሱበት። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉት፤ ከሞቃችሁ ገና አልጠፋም።